ጃማርከስ ራስልን ያከሸፈው ማን ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት የሚባል ነገር አለ። ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ቀድሞ የሚመርጠው ደካማው ቡድን ነው። በፈረንጆች 2007 ኦክላንድ ሬደርስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን (ኤልኤስዩ) ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን መርቶ ኳስ የሚወረውረውን ጃማርከስ ራስልን ነበር። በሦስት ዓመቱ አሰናበተው። ጥፋቱ የማን ነው? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ።

ጥፋቱ የራሱ ነው

ይህ ልጅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98፣ ክንዱ እንደ መድፍ። በጥር 2007 ሹገር ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጆች ጨዋታ ኤልኤስዩ ኖትርዳምን 41 ለ 14 ሲረታ በውርወራው 332 ያርድ አስገኘ፤ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ሬደርስ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተረጋገጠ ገንዘብ ሰጠው። ምን አተረፈ? ራስል ከጀመራቸው 25 ጨዋታዎች ቡድኑ ያሸነፈው 7ቱን ብቻ ነው። 18 ተችዳውን (ትልቁን ነጥብ) ወርውሮ 23 ጊዜ ውርወራውን በባላጋራ ተነጠቀ። ክንድ ብቻውን ኳርተርባክ አያደርግም። ተጋጣሚን ማጥናት፣ ሰውነትን መጠበቅ ያስፈልጋል። እሱ ይህን አላደረገም።

ጥፋቱ የቡድኑ ነው

ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ልጁ የት ቤት እንደገባ አልነገርከንም። ሬደርስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 2 አሸንፎ 14 የተሸነፈ ቡድን ነው። ከ2003 እስከ 2009 በየዓመቱ ቢያንስ 11 ጨዋታ ተሸንፏል። ሰባት ዓመት ሙሉ! ይህን ሁሉ ራስል ነው ያመጣው?

ደግሞ አሰልጣኙ ሌን ኪፈን አልፈለገውም። እሱ የፈለገው ኳስ ተቀባዩን ካልቪን ጆንሰንን ነበር። ራስልን የመረጡት የቡድኑ ባለቤት አል ዴቪስ ነበሩ። በውል ድርድር ምክንያት የፈረመው መስከረም ላይ፣ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። የክረምቱ ልምምድ በሙሉ አመለጠው። በሁለተኛው ዓመት አራት ጨዋታ እንዳለቀ ኪፈን ተባረረ። እንዲያም ሆኖ በ2008 13 ተችዳውን ወርውሮ የተነጠቀው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ልጁ እየተማረ ነበር።

ጥፋቱ የራሱ ነው

እሺ፣ ስለ 2008 እቀበልሃለሁ። ታዲያ በ2009 ምን ሆነ? 3 ተችዳውን፣ 11 ንጥቂያ። በኪፈን ቦታ የተተካው አሰልጣኝ ቶም ኬብል አስቀመጠውና ብሩስ ግራድኮውስኪን አስገባ። ሰውየው ብዙም የማይታወቅ ኳርተርባክ ነበር። ለሬደርስ በጀመረው የመጀመሪያ ጨዋታ ሲንሲናቲን አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፒትስበርግ ሄዶ የወቅቱን ሻምፒዮን 27 ለ 24 ረታ፤ በአራተኛው ሩብ ብቻ ሦስት ተችዳውን ወርውሮ። ተቀባዮቹ ያው፣ አሰልጣኙ ያው፣ ቤቱ ያው። የተቀየረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ መልስ የለህም።

ጥፋቱ የቡድኑ ነው

አለኝ። ግራድኮውስኪ ሊጉ ውስጥ አራተኛ ዓመቱ ነበር፤ በታምፓ ቤይ ቡድን ወንበር ላይ ተቀምጦም፣ ተሸንፎም ተምሯል። ራስልን ግን 21 ዓመት ሳለ አንደኛ ምርጫ ብለው ጫኑበት፤ በ24 ዓመቱ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲያ ማንም ለአንድ ጨዋታ እንኳ አላሰለፈውም። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። በ2013 እንደገና ለመመለስ ክብደቱን ቀንሶ፣ ላቡን አፍስሶ ተለማመደ። ቺካጎ ቤርስ ሞክሮት ሳያስፈርመው ቀረ። ሰነፍ ሰው፣ ገንዘቡን የወሰደ ሰው፣ እንዲህ ይለፋል?

ጥፋቱ የራሱ ነው

አይለፋም። ያኔ መልፋቱን አይቼ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ቢሳካለት ብዬ ተመኝቻለሁ። ግን ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ያንን ላብ ሬደርስ በ23 ዓመቱ ነበር የፈለገው።