ሳያነቡ የሚፈርሙ እጆች ይባረኩ

ሐውልት የሚገባው ማን ነው ብትሉኝ አላመነታም። አዲስ አገር ገብቶ፣ ሻንጣው ሳይፈታ፣ የሚኖርበትን መንገድ ስም በቅጡ መጥራት ሳይችል የቤት ስልክ ውል ላይ ፊርማውን የሚያሳርፍ ሰው ነው። ያውም ሳያነብ። ማንበብማ የፈሪ ሥራ ነው።

አስቡት እስኪ። ኪሱ ውስጥ ሞባይል አለ። ቤተሰቡን የሚያገኘው በዋትሳፕ ወይ በቴሌግራም ነው። ግን የሽያጭ ሠራተኛው ፈገግ ብሎ «ኢንተርኔቱን ከወሰድክ የቤት ስልኩ በነጻ ነው» ሲለው አንጀቱ ራሰ። በነጻ! ይህን ቃል ሰምቶ «ለምን በነጻ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት ክፉ ነው? የኛ ሰው አይጠይቅም። ውሉ 24 ወር ነው ሲሉት ራሱን ነቀነቀ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ ደንበኛን መጀመሪያ ላይ ከ24 ወር በላይ ማሰር ስለከለከለ ነው እንጂ፣ ለኛ ሰውማ ቢፈቀድለት በልጅ ልጆቹ ስም ይፈርም ነበር። እዚያው አውሮፓ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገቡበትን ውል በ14 ቀን ውስጥ ያለምክንያት ማፍረስ ይቻላል። ይቻላል አልኩ እንጂ ማን ያደርገዋል? የመጀመሪያው ሂሳብ ሳይመጣ ውል ገልጦ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ? ጎረቤቴ ላይ ደርሶ ነው። እሺ፣ እኔ ነኝ።

ለማንኛውም መፈረሙ ቀላሉ ነው። መስመሩን ለማስገባት የባንክ ሂሳብ ይጠየቃል። ባንክ ቤት ስትሄድ ደግሞ «ስልክ ቁጥር?» ይሉሃል። ስልክ የለኝም፣ ስልክ ላስገባ ነው የመጣሁት ትላለህ። እንግዲያው ስልክ ሲኖርህ ተመለስ። የአድራሻ ማረጋገጫ አምጣም ይባላል፤ ማረጋገጫው ምንድነው ስትል፣ የስልክ ሂሳብ! ለዚህ አሠራር ባርኔጣዬን አነሳለሁ። አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ክብ የሚዞርበትን መንገድ ለማበጀት ስንት ሊቅ ተሰብስቦ ይሆን?

ያኔ ደንበኞች አገልግሎት ትደውላለህ። መቼም በሞባይልህ ነው። አንዲት ለስላሳ ድምጽ «እባክዎ የቤት ስልክ ቁጥርዎን አስገብተው መሰላልን ይጫኑ» ትልሃለች። የሌለህን ቁጥር። ዝም ስትል ትደግምልሃለች። አሁንም ዝም ስትል ወደ ሙዚቃ ትወስድሃለች። ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አልፍሬድ ሌቪ የሚባል የፋብሪካ ባለቤት ነበር። እንደሚባለው አንድ የላላ ሽቦ ከሕንጻው ብረት ጋር ተነካክቶ የጎረቤት ሬዲዮ ጣቢያ ዜማ በስልኩ መስመር ይገባ ጀመር። ሰውየው ብልሽቱን በመጠገን ፈንታ ሐሳቡን ወደ ፈጠራ ለወጠው፣ በ1966ም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ተሰጠው። እኛ 40 ደቂቃ ጆሯችንን ለጥፈን የምናዳምጠው የዚያን ሽቦ ልጅ ነው። «ጥሪዎ ለኛ ጠቃሚ ነው» የሚለውን ማን እንደጨመረበት አላውቅም፤ እሱንም ግን አምላክ ይስጠው።

ቴክኒሻኑ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ» ይመጣል። የኛ ሰው ያን ቀን መታጠቢያ ቤት እንኳ የሚገባው በሩን ገርበብ አድርጎ ነው። 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደጅ ላይ ትንሽ ወረቀት ያገኛል። «መጥተን አላገኘንዎትም።» ይህን ጥበብ ያልተካነ ሌባ ቢኖር ከነሱ ይማር።

በሁለተኛው ቀጠሮ መስመሩ ገባ እንበል። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣው የድሮ ቀፎ ይወጣል፤ ሶኬቱ ግን አይገጥምም። እንግሊዝ የራሷ የስልክ ሶኬት አላት፣ ጀርመን የራሷ፣ ፈረንሳይ የራሷ፣ አሜሪካም ያቺ ትንሿ ካሬ አለቻት። አንድ የስልክ ሽቦ ላይ መስማማት ያቃተው ዓለም ነው። ለነገሩ ዛሬ በብዙ ቦታ ግድግዳው ላይ የሚሰካ ነገር የለም፤ ቀፎው የሚሰካው ራውተሩ ጀርባ ነው።

እዚህ ላይ «ለክፉ ቀን ይሆነኛል» ብለው የቤት ስልክ የሚያስገቡትን ላመስግን። የድሮው የመዳብ መስመር 48 ቮልት ያህል ኃይል ከማዞሪያ ጣቢያው ይዞ ይመጣ ስለነበር ሰፈሩ ጨልሞም ይሠራል። አዲሱ መስመር በኢንተርኔት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፣ ራውተሩ ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል፣ ባትሪ ካላስቀመጥክ በቀር። አሮጌውን ኔትወርክ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2027 ዘግታ ለመጨረስ ቀጠሮ ይዛለች። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ይዘህ አሜሪካ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን 911 ብትደውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታያቸው አንተ ያስመዘገብከው አድራሻ ነው። ቤት ቀይረህ ካላሳወቅህ አምቡላንሱ በፍጥነት የድሮ አከራይህ በር ላይ ይደርሳል። ይህም ውሉ ላይ ተጽፏል። ያው በትንንሽ ፊደል።

ዋናው ምርቃት ግን ወዲህ ነው። ማስታወቂያው «ያለ ገደብ በነጻ ይደውሉ» ይላል። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። በነጻ የሚደወለው አገር ውስጥ ነው። አገር ውስጥ ደግሞ የኛ ሰው የሚያውቀው ማንን ነው? ማንንም! በወር ሺህ ደቂቃ ቢሰጡት የሚጠቀምበት ያችው ለስላሳ ድምጽ ጋ ለመደወል ነው። ልቡ የሚደውልበት አገር ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ እሱ በደቂቃ ይቆጠራል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይቺ ናት። በዚያ ላይ መደወያው ራሱ ፈተና ነው። አንዱ ጋ በ00 ይጀመራል፣ ሰሜን አሜሪካ በ011። ከዚያ የአገሩ ኮድ፣ ከዚያ የአካባቢው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትወድቃለች፤ ጣሊያን ከሆነ ደግሞ አትወድቅም። የኛ ሰው ዜሮዋን ሳያወርድ ሦስት ቀን ደውሎ «ቤተሰቦቼ ስልክ አያነሱም» ብሎ አኩርፎ ከረመ።

ስልኩ ዝም ይላል ማለት ግን አይደለም። ይጮሃል! ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ሰው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የተቋረጠ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን አርፎ ነው ለሌላ የሚሰጠው። 45 ቀን ዕዳን አያስረሳም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቀድሞው ባለቤት አበዳሪዎች ይደውሉልኛል። በቀደም አንደኛው በጣም ትሑት ሰው ነበር፣ ጤናዬን ሁሉ ጠየቀኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጤናዬን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ለመዝጋት አፈርኩ። ማታ ማታ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ይደውላል። የቤት ስልክ ሊሸጥልኝ። በቤት ስልኬ ላይ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የገባ ልጅ ውሉን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ስለመጡ ያውቁታል፤ ምን ይላል?» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። አንድ በአንድ ገለጥኩት፣ አልፎ አልፎም «እህ» እያልኩ፣ አንድ ገጽ ላይማ ተመልሼ ሁሉ አየሁ። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ጣቴን ከታች ባለችው መስመር ላይ አሳረፍኩ።

«እዚች ጋ ነው የምትፈርመው» አልኩት።