እርማት፦ ደሙን የዛሬ ልጆች አላመጡትም

ወንድሜ፣ ስለ ጅማው የሆረር (አስፈሪ) ፊልም ወዳጆች ዝግጅት የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይታረም። «የድሮ ሆረር ጨዋ ነበር፤ ደም የሚወደው የዛሬ ልጅ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም።

በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የጆርጅ ሮሜሮን ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» እይ። ሙታን ተነስተው የሰው ሥጋ ሲበሉ ያሳያል። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ማን ይለየዋል? ሕፃናት ሳይቀሩ ሲኒማ ገብተው አይተውታል። አሜሪካ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ የጀመረችው ፊልሙ ከወጣ ከወር በኋላ ነው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አያቶች ናቸው!

በጅማው ዝግጅት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ደሙ ሲረጭ ፊቱን በጃኬቱ የሸፈነው ወጣቱ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሽበታም አባት ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም፤ ቡናቸው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ልጆቹን በዚህ መውቀስ በጣም ያሳዝነኛል።

ትልልቆቹ ቀስ ብሎ የሚመጣ ፍርሃትን በትዕግስት ይጠብቃሉ፣ ወጣቶቹ ቶሎ መደንገጥ ይፈልጋሉ ያልከው ግን እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። እሱ ይቆይ፤ የደሙን ነገር ብቻ አስተካክልልኝ።