አስነጋሪ ያጣ ማመልከቻ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ማመልከቻ የሚዘጋው ዲሴምበር 15 እኩለ ሌሊት ነው» ሲሉ በራሳቸው ሰዓት ነው። ኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ጎንደር ታኅሣሥ 7 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። አምና ያቺን ጠዋት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር አሳለፍኳት። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ካፌው ጀነሬተር አለው። ልጁ ላፕቶፑን ሰክቶ፣ ቡናውን ረስቶ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ልላከው?» አለኝ።

ላከው አልኩት። ሆዴ ግን አልረጋም። ለፍልስፍና ፒኤችዲ የሚልከውን ጽሑፍ እኔ ያነበብኩት በዋዜማው ማታ ነው። ከእኔ በፊት ያነበበለት ሰው ደግሞ አልነበረም።

መጋቢት ላይ መልሱ መጣ። ሰባት ቦታ አመልክቶ ነበር። ሰባቱም «እናዝናለን» አሉት።

ሰፈር የሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «ዕድል ነው።» «የኛን ሰው አይፈልጉም።» እናቱ መጀመሪያውኑም ነገሩ አልጣማቸውም ነበር። አይፈረድባቸውም። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። እዚህ ጎበዝ ልጅ ሐኪም ይሆናል። «አትፈላሰፍብኝ» ማለት «አትቀባጥርብኝ» ማለት በሆነበት አገር፣ ልጄ ፍልስፍና ሊማር ነው ብሎ ለጎረቤት ማውራት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ቡና እያፈሉ «ለመሆኑ ደሞዝ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። አለው። ጥሩ የሚባሉት የአሜሪካ የፍልስፍና ክፍሎች ለፒኤችዲ የተቀበሉትን ተማሪ አያስከፍሉም፤ እንዲያውም ለአምስት ዓመት ያህል የመኖሪያ ይከፍሉታል። «ታዲያ ለምን ለሐኪሙ አይከፍሉም?» አሉኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።

«ዕድል ነው» የሚለውን ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ስም ያለው አንድ ክፍል በዓመት ከ200 በላይ ማመልከቻ ይደርሰዋል። የሚያስገባው ስድስት ሰባት ሰው ቢሆን ነው። ስለዚህ በጣም ጥሩ ሰዎችም ይወድቃሉ። እዚያ ላይ ዕድል አለ። ዕጣው ውስጥ ለመግባት ግን ጽሑፍህ መጀመሪያ ከሦስተኛው ገጽ በላይ መነበብ አለበት። የልጁ ጽሑፍ እስከዚያ የደረሰ አይመስለኝም። ጥፋቱ ደግሞ የእሱ ሳይሆን የእኛ፣ የአስተማሪዎቹ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ፋይሉ ውስጥ ትራንስክሪፕት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ አለ፣ «ለምን መማር እፈልጋለሁ» የሚል መግለጫ አለ፣ ራይቲንግ ሳምፕል የሚባለው የጽሑፍ ናሙና አለ። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል። ፋይሉን የሚያነቡት የክፍሉ መምህራን ናቸው። ከጎንደር የመጣ 3.9 ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቁም። ደብዳቤውን የጻፈውን መምህር አያውቁትም። የቦስተን ልጅ የሚያውቁት ፕሮፌሰር መስክሮለት ይመጣል። የእኛ ልጅ ምስክሩ ከ15 እስከ 25 ገጽ የምትሆነው ያቺ ናሙና ብቻ ናት።

የሕክምናና የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ለፕሮፌሰር ሁሉ «ሱፐርቫይዘር እፈልጋለሁ» የሚል ኢሜይል ሲበትኑ እናያለን። የፍልስፍና አመልካችም እነሱን አይቶ ይበትናል። ለአሜሪካ አይሠራም፤ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ለእንግሊዝና ለጀርመን ፒኤችዲ ግን ሱፐርቫይዘር አስቀድሞ ማግኘቱ ትርጉም አለው።

ወደ ናሙናው ልመለስ። ልጁ የጻፈው ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት «ሐተታ» የሚባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ ጻፈ ስለሚባለው ፈላስፋ። ከጎንደር የሚያመለክት ሰው ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ባይጽፍ ነበር የሚገርመኝ። እንፍራንዝ እኮ የባሕር ዳር መንገድ ላይ ናት፤ ሚኒባሱ በመሀሏ ያልፋል። ሐተታው እንደሚለው ሰውየው ከስደቱ በኋላ ጎጆ የቀለሰው፣ የሌላ ሰው ልጆች ያስተማረው፣ ያገባው፣ ያረጀው እዚያ ነው።

ርእሱ «ዘርዓ ያዕቆብ ከዴካርት በፊት» ይላል። 22 ገጽ ነው። ዘጠኙ ገጽ ስለ አክሱም፣ ስለ አፄ ሱስንዮስ፣ ስለ ኢየሱሳውያን ያወራል። የመጀመሪያው ክርክር ብቅ የሚለው ገጽ 10 ላይ ነው። እሱም አይቆምም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ስለ ዘዴ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በስደቱ ጊዜ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ያሰበው ከዚያ በፊት ነው እንበል። ሐተታውን የጻፈው ግን፣ ራሱ መጽሐፉ በሚለው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። «ቀድሟል» ለማለት ማሰብና መጻፍን መለየት ነበረበት። አልለየም።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ደራሲው ማንነት ስላለው ክርክር አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችም። የእጅ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፓሪስ ላለው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «ይህን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተሟገቱ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ኮሚቴው ይህን ባያውቅ እንኳ በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል።

«ለምን አላነሳኸውም?» አልኩት በዚያ ማታ።

«ጋሼ፣ የኛን ነገር እኔው ላፍርሰው?»

መልሱ ገብቶኛል። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያ ነበር የምለው። ግን ሀብቱን ጥሎ ግርግዳውን ነው የጠበቀው። የአንድ ክርክር ዋጋ በተናገረው ሰው ማንነት ይለወጣል ወይ? ይሄ ራሱ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ 20 ገጽ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። ወይ ደግሞ «ልቡና» የሚለውን የግእዝ ቃል ብቻ ይውሰድ። ሐተታው «ብርሃነ ልቡና» ይላል። ተርጓሚዎች «የአእምሮ ብርሃን» ሊሉት ይችላሉ፤ እንግሊዝኛው ዴካርትን ወደሚያስታውስ ቃል ይጠጋል። ልቡና ግን ከልብ የወጣ ቃል ነው። በትርጉሙ መሀል የጠፋ ነገር አለ? ካለስ ሰውየውን ዴካርትን ያስመሰለው እሱ ራሱ ነው ወይስ ተርጓሚው? ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። ግእዙን ያውቀዋል። ከ200 አመልካች ውስጥ ይህን መጻፍ የሚችል ስንት ሰው አለ? እሱ ግን የቅኔ ቤቱን ነገር በመግለጫው ውስጥ እንደ ጌጥ አንድ መስመር ላይ ጠቅሶ አልፎታል። ናሙናው ውስጥ የለም።

እንዲህ ስል «አገር በቀል ዕውቀት» እያልኩ መፈክር ማሰማቴ እንዳይመስልባችሁ። ግእዝ ስላወቅህ ማንም አይቀበልህም። ደግሞ ከቅኔና ከአንድምታ ወደ ናሙና ሲመጣ የሚጎድል ነገር አለ። በዚህች ከተማ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ የትርጓሜ ቤቶች ነበሩ። መምህሩ አንዱን ቃል ይዞ «አንድም»፣ «አንድም» እያለ ትርጉሞቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የፍልስፍና ጽሑፍም «አንድም» ይወዳል። ግን እዚያ አያቆምም። አንዱን ምረጥ ይልሃል። የመረጥከውን ደግሞ በጣም ጎበዝ ተቃዋሚህ በሚመታበት በኩል ምታው፣ ከዚያ ይቆም እንደሆነ አሳየኝ ይልሃል። የልጁ ጽሑፍ ውስጥ ተቃዋሚ የለም። ዘርዓ ያዕቆብ ተናገረ፣ ሁሉም አጨበጨበ።

ቅኔ ቤት ሄዶ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ሄዶ ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው «ቤቱ አልመታም» ይለዋል፣ «ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም» ይለዋል። ተማሪው ይመለሳል፤ እንደገና ይቆጥራል። ማንም አስነጋሪ ያልሰማውን ቅኔ ይዞ ማኅሌት ላይ አይቆምም፤ ቢቆም ይዋረዳል።

እኛስ? እኔ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ አስተምራለሁ። ኮርሱን አገሪቱ ውስጥ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ይወስደዋል። ክፍሉ ይጨናነቃል። ፈተናው ምርጫ ነው፤ የማወጣው እኔው ነኝ። «ከሚከተሉት ውስጥ የትኛው ፋላሲ (የክርክር ስሕተት) ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።» ተማሪው «ሐ»ን ያከብብና ኤ ያገኛል። አንዲት አንቀጽ ሳይጽፍ ክሪቲካል ቲንከር ሆኖ ይወጣል። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ደግሞ የምንሰጠው አስተያየት «ማርጂኑን አስተካክል፣ ፎንቱን 12 አድርግ» ነው። ልጁ ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምርቃት ድረስ ሐሳቡ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት አሥር ገጽ ተመልሶለት አያውቅም። ቅኔ ቤት የነበረው አስነጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጠፋ።

ደብዳቤውም ያው ነው። ከመምህራኑ አንዱ «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» አለው። ብዙዎቻችን እንደዚህ እናደርጋለን፤ እውነት እንነጋገር። ልጁም ስለ ራሱ ምን ይጻፍ? «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው።» ይህ ለጥበቃ ሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ልጁ ክፍል ውስጥ ምን ብሎ እንደተከራከረ፣ የትኛው ሐሳቡ መምህሩን እንዳስቸገረው ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ደብዳቤውን ከያሁ አድራሻ አትላኩ። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ክፈቱና ተጠቀሙበት። ከግል አድራሻ የመጣ ደብዳቤ እውነተኛነቱ ያጠራጥራል።

ገንዘቡን ቶሎ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል። የማመልከቻ ክፍያው ብዙ ቦታ ከ75 ዶላር በላይ ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መቶ ዶላር ማለት ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። የሰባቱንም ዲሲ ያለ አጎቱ በካርድ ከፈለለት። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ሰው ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን ቀኑ ከመድረሱ ሳምንታት ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማንም አልነገረውም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ኮስት ሼሪንጉን ልክፈል ብሎ ሁለት ወር ተንከራቷል። ብዙ ቦታ ግን ለማመልከቻ ተራው ኮፒ ይበቃል፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ይህንንም ማንም አልነገረው። ኢንተርኔቱን ተውት። ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ማመልከት ለነበረባቸው ልጆች ከማዘን በቀር ምን እላለሁ።

ሌላም ነገር ላይ አንስማማም። ልጁ ያመለከተው ፒኤችዲ ብቻ ነው፣ ያውም ስማቸው የገነነ ቦታ ብቻ። «ማስተርስ ወደ ኋላ መሄድ ነው» ይላል። አይደለም። ማንም የማያውቀው ዩኒቨርሲቲ ላይ ለተማረ ሰው ማስተርስ ዋናው በር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ ያለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ ኖርዘርን ኢሊኖይ የመሳሰሉት ለፍልስፍና ማስተርስ ተማሪ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቻቸውንም ለፒኤችዲ ማመልከቻ በማዘጋጀት ይታወቃሉ። ካናዳም ማስተርስን ብዙ ጊዜ በገንዘብ ይደግፋል። ቪየና ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፍልስፍና ማስተርስ አለ። እነዚህ ቦታዎች የሚሰጡህ ትልቁ ነገር ዲግሪው ሳይሆን አስነጋሪው ነው። ጽሑፍህን ደጋግሞ የሚመልስልህ ሰው።

ልጁ ዘንድሮ እንደገና ሊያመለክት ነው። 22ቱን ገጽ ወደ ሦስት አወረድነው። የቀረችው ስለ ልቡና የምታወራው አንቀጽ ናት፤ ድሮ ገጽ 17 ላይ ተደብቃ የነበረችው። ከእሷ ተነሥቶ አሁን 11 ገጽ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተቃውሞ ሰጠሁት። ሦስት ቀን ጠፋ። ከዚያ መጥቶ የእኔ ተቃውሞ ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚያምታታ አሳየኝ። ተናደድኩ፣ ከዚያ ልክ ነው አልኩት።

ሌሎች ሁለት መምህራንና እኔ ተነጋግረናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ያችው ፒያሳ ካፌ ውስጥ እንቀመጣለን። የፍልስፍና ጽሑፍ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ የየትኛውም ትምህርት ክፍል ተማሪ ይሁን፣ የቅኔ ቤት ሰውም ቢሆን። አምስት ገጽ፣ ከዚያ አይበልጥም። ማመልከቻ ካላችሁ ታኅሣሥ ሳይደርስ በጥቅምት ኑ። በወረቀት አትማችሁ አምጡ፤ ጀነሬተሩ አንዳንዴ ያስቸግራል። ቡናችሁን ግን የየራሳችሁን ትከፍላላችሁ።