ከወንዝ ማዶ የተጯጯሁ ወንድማማቾች

ሰሞኑን ከልጄ ጋር «ባርባረን» የተባለውን የጀርመኖች ተከታታይ ድራማ አየን። «አረመኔዎቹ» ማለት ነው፤ ስሙ ሮማውያን ያወጡላቸው ስድብ ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ልጄ ሮማውያኑን አይታ ዞር ብላ «አባዬ፣ አድዋ የመጡት እነዚህ ናቸው?» አለችኝ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ጀርመን ነው። «የልጅ ልጆቻቸው ናቸው» ብዬ አለፍኩት።

ሮማውያኑ ላቲን ይናገራሉ፤ ጀርመኖቹ የዛሬውን ጀርመንኛ። ሮማዊው ባለሥልጣን አፉን ሲከፍት ተመልካቹም እንደ መንደሩ ሰው ግራ ይጋባል። እኔ ወደዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን በየቢሮው መስኮት ፊት ስቆም የነበረኝ ፊት ትዝ አለኝ።

ታሪኩ የአርሚኒየስ ነው። የኬሩስኪ ነገድ መኳንንት ልጅ ሲሆን ሮማውያን ዜግነትም ማዕረግም ሰጥተውታል። አገረ ገዢው ቫሩስ አምኖት ከማዕዱ ያስቀምጠው ነበር። አርሚኒየስ ግን እ.ኤ.አ. በ9 የሐሰት የዐመፅ ወሬ ነግሮ ቫሩስን ከሦስት ሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር) ጋር ወደ ቶይቶቡርግ ጫካ ሳበው። ሦስቱም አለቁ፤ ቫሩስም ራሱን ገደለ። (የእኛው ባሻ አውዓሎም ጄኔራል ባራቴሪን በወሬ ያታለሉበትን ዘዴ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል።)

የእኔ ልብ የቀረው ግን ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በተወው አንድ ገጽ ላይ ነው። አርሚኒየስ ከሮማ ጦር ጋር የቀረ ፍላቩስ የሚባል ወንድም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ16 ሁለቱ በቬዘር ወንዝ ወዲያና ወዲህ ቆመው ተነጋገሩ። ፍላቩስ በሮማ አገልግሎት አንድ ዓይኑን አጥቷል። «ለዓይንህ ምን ከፈሉህ?» አለው ወንድሙ። ፍላቩስ የደመወዙን ጭማሪ፣ የአንገት ሐብሉን፣ አክሊሉን ቆጠረለት። አርሚኒየስ በባርነት ርካሽ ዋጋ ሳቀበት፤ ስለ አባቶቻቸው አገርና ስለ እናታቸው አነሣበት። በመጨረሻ ፍላቩስ ፈረስና መሣሪያ አምጡልኝ ሲል ባልደረባው ሮጦ ያዘው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ለአገሩ የሚሟገተው አርሚኒየስ ንግግሩን በላቲን ይቀላቅል ነበር።

ይህን ጭቅጭቅ አውቀዋለሁ። በየእሁዱ ደሴ ካለው ታናሽ ወንድሜ ጋር በስልክ እንገጥመዋለን። «አንተማ ምን አለብህ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ጡረታውን፣ የጤና መድኑን፣ በደቂቃው የሚደርሰውን ባቡር እቆጥርለታለሁ። እሱ እናታችንን ያነሣል፤ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሲደርስ የእኔን ስም እንደምትጠራ ይነግረኛል። ስናደድ ጀርመንኛ ያመልጠኛል። «በሰው ቋንቋ አትስደበኝ!» ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል። አድዋ ሲነሣ አርሚኒየስ ነኝ፤ የወር ደመወዝ ሲነሣ ፍላቩስ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ዴትሞልድ አጠገብ ያለውን የአርሚኒየስ ሐውልት አየን። እ.ኤ.አ. በ1875 ተመርቆ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፈረንሳይ አዙሮ ቆሟል፤ የወቅቱ ጠላት እሷ ነበረች። ሰይፉ ብቻ 7 ሜትር ነው። ከሥሩ ቤተሰቦች ዳቦ በአይብ እየበሉ ያርፋሉ። ከበሮም ፉከራም የለም። ናዚዎች ስሙን ስለተጫወቱበት ጀርመኖች ስለ እሱ የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የካቲት 23 ቀን ጋሻና ጎፈር ለለመደ ሰው ዝምታው ያስደነግጣል፤ እርግጥ ነው፣ እኛም ብንሆን በዓሉ ምኒልክ አደባባይ ይከበር ወይስ መስቀል አደባባይ ብለን ተጣልተንበታል።

ስንመለስ ሚንደን ላይ ቬዘርን አገኘነው። ልጄ ድልድዩን ሮጣ ተሻገረችና ከማዶ እጇን አወዛወዘች። እኔም እንደ ፍላቩስ ጮህኩ። ወዲያው ስልኬ ጠራ።

«አባዬ፣ ድምፅህ ተሰምቶኛል» አለችኝ፤ «በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን አልለየሁትም።»