ተጫዋች መሆን ብቻውን አሰልጣኝ አያደርግም
ራግቢ ተጫዋች ስለነበረና አሁን ስለሚያሰለጥን አንድ አስተማሪ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ፣ ተጋጣሚንም ይዘው እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። "በፕሮፌሽናል ደረጃ ራግቢ የተጫወተ ሰው ለማሰልጠን ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም" የምትለዋ የጽሑፉ ሐሳብ ግን አልተዋጠችልኝም። ሰውዬውን አሰልጣኝ ያደረገው እኮ አስተማሪነቱ ነው! እኔ ደሴ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ። ልጅ ሆነን ሆጤ ሜዳ ላይ ያሰለጠኑን ጋሼ ኳስ ያቆሙ ተጫዋች ነበሩ፤ ቀን ቀን ሒሳብ ያስተምራሉ። ኪሳቸው ውስጥ የጠመኔ ስባሪ አይጠፋም። ኳስ ስናበላሽ አይጮሁብንም። ጎንበስ ብለው በእንጨት አፈሩ ላይ መስመር ያሰምሩና "እዚህ ጋ ቆመህ ማን ታየህ?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን እስክናገኘው ይጠብቁናል። ብዙ ጎበዝ ተጫዋች ይህን ትዕግስት የለውም፤ ያውቀዋል፣ እንዴት እንዳወቀው ማስረዳት ግን ይቸግረዋል። ራግቢ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ተጋጣሚን ከትከሻ በላይ መያዝ ክልክል ነው። የሚጥለው ልጅ ጭንቅላቱን የት እንደሚያደርግ በደንብ ካልተማረ አንገቱ ይጎዳል። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ ቀስ ብሎ ማስረዳት የአስተማሪ ሥራ ነው። ጽሑፉ ላይ "ራግቢ ለኛ ምን ያደርጋል" ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ በ7 ሰው የሚካሄደው ራግቢ እኮ ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሪዮ ውድድር ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ አለ፤ ጎረቤታችን ኬንያም እዚያ ተጫውታለች። አንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ብቻ ነው። የኛ ሜዳ ደረቅ ስለሆነ መጣጣሉን ትተን፣ ኳስ የያዘውን በእጅ በመንካት ብቻ መጀመር እንችላለን። ኳሷን የሚሰጠን ይገኝ እንጂ ልጆቹን እኔ ነገውኑ አሰልፋቸዋለሁ።