ሲንክ ማድረግ ባክአፕ አይደለም

«የሱቃችን የፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም) ፎልደር ከጉግል ድራይቭ ጋር ሲንክ ስለሚደረግ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን፤ ሃርድ ዲስክ መግዛት ብር ማባከን ነው» ላሉት ወንድማችን እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፣ ግን ስህተት ነው።

ሲንክ መስታወት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሆነው እዚያም ይሆናል። ካሸሯ ፎልደሩን በስህተት ካጠፋችው ከድራይቭም ይጠፋል። ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ለግብር የሚፈለገው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአምናው ሂሳብ ነው! ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባ የተቆለፈው ፋይል ደህናውን ይተካዋል። የቀድሞውን ቅጂ መመለስ ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን ፒችትሪ ዳታውን በብዙ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የተወሰዱ ቅጂዎች ካልሆኑ ሂሳቡ አይከፈትም ወይም ይዛባል። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ሲንክ ማድረግም ራሱ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል።

ይልቅ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ፣ በራሱ በፒችትሪ የባክአፕ ማዘዣ አንድ ፋይል ያውጡና ቀን ጽፈውበት ድራይቭ ላይ ይጫኑት። የትናንቱን አይደምስሱ። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ይግዙ፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት፣ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያድንዎት እሱ ነው። ተሰክቶ አይደር፣ ቫይረሱ እሱንም ያገኘዋል። ቤት የሚሄደው በፓስወርድ ይቆለፍ፤ የደንበኛ ዱቤ ሁሉ አለበት እኮ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርገው (መልሰው ከፍተው) የመጨረሻውን ቀን ሽያጭ ይፈልጉ፤ ባክአፑ በትክክል መሥራቱን የሚያዩት እንዲህ ነው።