ለባነሩ ዕድሜ ይስጥልን

በጎ ሥራ አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ዛሬ ሥራዬ ማመስገን ነው። የማመሰግነውም ባለፈው ሐምሌ፣ ሰማይ ተቀዶ በሚወርድበት ሰሞን፣ «ቤት እናድሳለን» ብለው የእማማ ጣሪያ ላይ የወጡትን ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት በየሰፈሩ አይገኝም።

እማማ ከእኔ ሦስተኛው በር ናቸው። ቤታቸው የቀበሌ ነው። አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የቀበሌ ሆነ፣ እንደሆነ ቀረ። ቋሚና ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ በጭድ፣ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ። እሳቸው የሚፈልጉትን ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከአልጋቸው በላይ ያለችው ቆርቆሮ ትቀየር። አሸንዳ ይሰቀል። ከተረፈ ከአሸንዳው ሥር አንድ በርሜል፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነዋ። በቃ። ሰው ሲቸግረው ምኞቱም ያጥራል መሰለኝ።

ለጋሽ ግን በአጭር ምኞት አይታጠርም። ስሙን የማልጠራው አንድ ባለሀብት (ባነሩ ላይ ሦስት ቦታ ስላለ ይበቃዋል) «ለአካባቢ ተስማሚ የቤት እድሳት ለአቅመ ደካሞች» ብሎ መጣ። ቀድሞ የደረሰው ባነሩ ነው። ለአራት ተሸክመው አወረዱት። ሲዘረጋ ከእማማ ቤት ግንባር ረዝሞ ተገኘ፤ በሩንም መስኮቱንም ሸፈነው። እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በሥሩ ሾልከው ወጡ።

«ምንድን ነው ልጄ፣ ድንኳን ነው? ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከባነሩ ቀጥሎ ቲሸርት መጣ። 60 ቆጥሬያለሁ። 3 በ4 ለሆነች ክፍል 60 ሰው! ብሩሹ ግን አምስት ነው። ያም ሆኖ ማንም አልተጣላም። አንዱ ብሩሹን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል። ብሩሹ እንደ ማኅበር ጽዋ ዞረ።

ወቅቱን አለማድነቅም አይቻልም። አያቶቻችን ጭቃ የሚመርጉት በበጋ ነበር። አፈሩ ይቆፈራል፣ የጤፍ ጭድ ይገባበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ጥቂት ቀን እንዲበስል ይተዋል። ከዚያ ይመረጋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። በሐምሌ የሚደርቅ ነገር ቢኖር የወላጅ ኪስ ብቻ ነው። ቢሆንም በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል። ተማሪውም ለበጎ ፈቃድ የሚገኘው ክረምት ላይ ነው። ሁሉም ተስማምቶ ዝናቡ ብቻ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ አረንጓዴው ጉዳይ ልግባ፤ ሙያው ያለው እዚህ ነው።

የእማማ ግድግዳ አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ነክቶት አያውቅም። ሲሚንቶ እንዲሆን ድንጋዩ ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቃጠላል። ዓለም ከምትተፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ነው የሚወጣው። ጭቃው ግን ከደጅ ተቆፍሮ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ቀን ቀዝቀዝ ማታ ሞቅ እያለ ይኸው ስንት ዘመን ኖረ። ታዲያ ይህን ቤት ለአካባቢ ተስማሚ ለማድረግ ምን ቢያደርጉት ጥሩ ነው? በሲሚንቶ ለሰኑት። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ከእንግዲህ አረንጓዴነቱን የሚክድ የለም፤ ከዋናው መንገድ ይታያል።

ችግሩ ጭቃ ፕሮቶኮል አያውቅም። እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ያብጣል፣ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ደግሞ ኩሩ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እርጥበቱ ከኋላው ታምቆ ይቀራል። ነሐሴ ሳያልቅ ልስኑ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ተነስቶ ወደቀ። ከሥሩ የድሮው ግድግዳ ብቅ ብሎ «እንዴት ከረማችሁ?» አለን።

ችግኝም ተተክሏል። ያለ ችግኝ ምን አረንጓዴ አለ? የተተከለው እማማ ልብስ የሚያሰጡባት ቦታ ላይ ነው።

ጣሪያው ላይ ባለ 20 ዋት ሶላር ወጣ። መድረክ መሪው በማይክ «እማማ ከእንግዲህ ከጢስ ተገላገሉ!» ሲል ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት ማታ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ለ20 ሲካፈል 175 ይመጣል። እማማ በፀሐይ እንጀራ ለመጋገር 175 ሶላር ያስፈልጋቸዋል፣ ያውም ፀሐይ ደህና አድርጋ ከወጣች። የእሳቸው ጣሪያ አይበቃም። የኔን ጣሪያ ብጨምርላቸውም እንጃ።

እስከዚያው በሦስት ጉልቻ ይጋግራሉ። ዓይናቸው እንደቀላ ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባል ነገር አለ፤ በሲሚንቶና በአሸዋ ይሠራል፣ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ወድቆ የተጠረገው ልስን ስንት ምድጃ ይወጣው ነበር? ምድጃ ግን ለፎቶ አይመችም። ያንበረክካል፣ ነጭ ቲሸርት ያጠቁራል። ስለ ሶላሩ ያለ ሽሙጥ አንድ ነገር ልበል፦ መብራት በጠፋ ማታ በመንደራችን የሚበራው የእማማ ቤት ብቻ ነው፣ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ።

ሶላሩ እንዲቆም ቆርቆሮው ተበሳ። አራት ቡሎን፣ አራት ቀዳዳ። ከአልጋው በላይ ያለችው ቆርቆሮስ? አልተነካችም። «ዲዛይኑ ውስጥ የለችም» ተባለ። አንድ ቦታ ያፈስ የነበረው ቤት አሁን አምስት ቦታ ያፈሳል። ዕድገት ነው እንግዲህ።

ንግግሩ ላይ «ዘላቂ» የሚለው ቃል 11 ጊዜ ተባለ። ቆሜ ስለሰማሁ መቁጠር ነበረብኝ። ዝናቡ ግን ጨዋ ነው፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቋል።

ከዚያ የቁልፍ ርክክብ። ጠዋት እማማ የበራቸውን ቁልፍ ከአንገታቸው ክር ፈትተው፣ ዕቃ እንዲያወጡላቸው ለልጆቹ ሰጥተው ነበር። ከሰዓት ያቺው ቁልፍ ቀይ ሪባን ታስራ፣ በትሪ ላይ ሆና፣ በባለሀብቱ እጅ ተመለሰችላቸው። እማማ እያመነቱ ተቀበሉ። ካሜራማኑ «አልገባልኝም፣ እንደገና!» አለ። እንደገና ተቀበሉ። «እማማ፣ ይመርቁልን እንጂ!» ሲባሉ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«እግዜር የናንተንም ቤት እንዲህ ያድስላችሁ» አሉ።

ስድሳው ቲሸርት በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ከሁሉም የጮኸው ባለሀብቱ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ በረታ። እማማ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ ጆጉን ደረደሩ። አንድ የጓሮ ጎረምሳ ታዲያ አጥር ላይ ተረስቶ የቀረውን ባነር አየ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ሶላሩን ፈታ፣ ባነሩን ለሁለት አጥፎ ዘረጋ፣ ሶላሩን መልሶ ከላይ አስቀመጠና ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫነው። በዚያ ሌሊት ጠብ አላለም። ከእድሳቱ ሁሉ ሥራውን በጥራት የሠራው ማተሚያ ቤቱ ነው። ባለሀብቱም ይኸው ከእማማ አልጋ ትይዩ በጀርባው ተንጋሎ፣ ፈገግ እንዳለ ዝናቡን ይቀበላል።

በጳጉሜን ሁለት ልጆች መጡ። ሌላ ወረዳ ውስጥ ሌላ ቤት ለአዲስ ዓመት ይመረቃል፣ ባነሩ ይፈለጋል፣ ማሳተም ተወዷል። እማማ በትሕትና አዳመጧቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ክሩን ፈቱ።

«እንኩ ልጆቼ፣ ቁልፉን ውሰዱት። ባነሩን ተዉልኝ።»